በሰው አገር የሚውል በዓል፦ በአዋሽ ሸለቆ በኩል የወጡ ኢትዮጵያውያን ታሪክ

በሰመራ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



ዛሬ የምናገረው ስለ በዓል ነው። ስለ ጦርነት፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ውል መስማት ለለመደ ጆሮ ርእሱ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር። ነገር ግን የአገራችንን የስደት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይህ «ቀላል» ነገር ከየገጹ ሥር ብቅ እያለ አስቸገረኝ። ሰው ከአገሩ ሲወጣ ምን እንደሚጎድለው ለማወቅ ከፈለግን በዓሉን እንዴት እንደ ዋለ መጠየቅ አለብን።

የተወለድኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በልጅነቴ በዓል መድረሱን የምናውቀው ከባቡሩ ነበር። በፋሲካና በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ባቡር ሰው በሰው ላይ ጭኖ ይደርሳል፤ ከየበሩ ሻንጣው፣ ዘንቢሉ፣ እግሩ የታሰረው ዶሮ ይወርዳል። በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ግን በዚያ ቀን ተሳፋሪው ጥቂት ነው። እናቴ በመስኮት አንገታቸውን ያወጡትን መንገደኞች አይታ «ምስኪን፣ በዓሉን በሰው አገር ሊውል ነው» ትል ነበር። ስለማታውቀው ሰው፣ ስለሚሄድበት ከተማ፣ ስለሚያገኘው ገንዘብ አትጠይቅም። የምታዝንለት በዓሉን ስለሚውልበት ስፍራ ብቻ ነበር።

የእናቴን ሐዘን ዛሬ በታሪክ ዓይን ልመረምረው እፈልጋለሁ። የምከራከርበት ነጥብም ይህ ነው። በዓል በሻንጣ ተጭኖ ከሰው ጋር የሚሄድ ዕቃ አይደለም። በዓል በዓል የሚሆነው ሁለት ነገሮች ሲገኙ ነው፤ አንደኛው ከሥራ የሚፈታ ቀን፣ ሁለተኛው «እንኳን አደረሰህ» የሚል ሰው። ቀኑን የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ከተማው ነው፤ መንግሥቱና አሠሪው ማለቴ ነው። ጎረቤቱን ግን ሰው በገዛ እጁ ሊሠራው ይችላል። በአዋሽ ሸለቆ በኩል አድርገው የወጡት ኢትዮጵያውያን ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ ሥራ ታሪክ ነው።

የቀን ልዩነት

በመጀመሪያ ስለ ቀኑ እንነጋገር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልደትን የምታከብረው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን። ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላሉ። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የቀን መቁጠሪያውን ሲያሻሽሉ 10 ቀናት ተዘለሉ፤ ልዩነቱ እያደገ ሄዶ በዘመናችን 13 ቀን ደርሷል። ለንደንና ዋሽንግተን ልደትን በዲሴምበር 25 ሲያከብሩ እኛ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ነን።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ያልኖረበት ሰው አያስተውለውም። ታኅሣሥ 16 ጾም ነው። ከኅዳር 15 የጀመረው ጾመ ነቢያት አላለቀም። እናም ትልቁ ከተማ በመብራት አጊጦ ሲበላና ሲጠጣ ጾመኛው ኢትዮጵያዊ ሥጋና ወተት አይቀምስም። ደግ ባልንጀራ ለምሳ ቢጠራው የተዘጋጀለትን ሊበላ አይችልም፤ እንቢ ማለቱ ደግሞ ነውር ይመስለዋል። ከ13 ቀን በኋላ የእርሱ ቀን ሲደርስ ከተማው በዓሉን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ይህን በራሴ አይቻለሁ። ለዶክትሬት ጥናት ለንደን በነበርኩበት ጊዜ የመጀመሪያው ልደት የዋለው ታኅሣሥ 29 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት በእነርሱ በዓል ቀን የምድር ባቡርም አውቶቡስም ስላልነበረ ከክፍሌ ሳልወጣ ውያለሁ። በእኔ ቀን ግን ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። በዕለቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ስመለስ በየእግረኛ መንገዱ ዳር የተጣሉ የገና ዛፎች አየሁ። ሰዎቹ ከበዓሉ በኋላ ቆሻሻ ሰብሳቢ እንዲወስድላቸው ያወጧቸው ናቸው። ገናዬን የተቀበልኩት የሌሎች ሰዎች ገና ተጠርጎ ሲወጣ እያየሁ ነው።

ወደማድርበት የተማሪዎች መኖሪያ ስደርስ የሌሊት ጠባቂው ከወንበሩ ተነሣና በጥሩ አማርኛ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰህ» አለኝ። ለአራት ወራት በፊቱ ሳልፍ በእንግሊዝኛ ብቻ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር። ሰውየው የአሳይታ አፋር ነው፤ በደርግ ዘመን በጅቡቲ በኩል የወጣ። በዚያ ምሽት ከደጁ አጠገብ አስቁሞ የአገሩን ወሬ ሁሉ ጠየቀኝ፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ። ዳጉ መሆኑ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አያልፉም፤ እርሱም ከእኔ ጋር ያደረገው ይህንኑ ነበር። ከዚያ በፈገግታ «ማክሰኞ ደግሞ የእኔ ነው» አለኝ። ማክሰኞ ጥር 2 ቀን ዓረፋ ነበር። አላወቅሁም ነበር፤ አፈርኩ። ማክሰኞ ማታ ቴምር ገዝቼ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ሄድኩ፤ ተራው ስለነበረ በዓሉን በሥራ ላይ ነው የዋለው። ሻይ አፈላልን። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የዛሬው ንግግሬ መጀመሪያ የተጠነሰሰው።

ሁለት ትንሣኤ፣ አንድ ሐዲድ

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ በቀን ብቻ ይጓዝ በነበረበት ዘመን መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪውም ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። ከኢትዮጵያ የወጣ መኳንንት፣ ተማሪ፣ ነጋዴ ወይም መልእክተኛ ብዙ ጊዜ በአገሩ መካከል የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ካሳለፈባቸው ስፍራዎች አንዱ የእኛዋ አዋሽ ናት።

በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በዚህ ሐዲድ ወደ አውሮፓ ጉብኝት ሄዱ። ከእርሳቸው ጋር ራስ ኃይሉ፣ ራስ ሥዩምና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። መጀመሪያ የደረሱት ኢየሩሳሌም ነው፤ የዚያ ዓመት ትንሣኤም ሚያዝያ 19 ቀን ነበር። በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ባለው ዴር ሱልጣን ለዘመናት ኖረዋል፤ ትንሣኤን በዚያ በድንኳን ሥር ያከብራሉ። ስለዚህ የራስ ተፈሪ ትንሣኤ በውጭ አገር የዋለ ቢሆንም በሰው አገር የዋለ አልነበረም። ማኅሌቱ ነበረ፤ ካህኑ ነበረ፤ ቀኑም የኢትዮጵያ ቀን ነበር። ከእርሳቸው በፊት ብዙ መቶ ዓመት የደከሙ መነኮሳት አዘጋጅተው ጠብቀዋቸዋል።

በዚሁ ጉዞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም የሚያድጉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዩ። በኦቶማን ግዛት ከተፈጸመው ዕልቂት የተረፉ ልጆች ናቸው። ሙዚቃቸውን ሰምተው ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነርሱ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዚሁ ሐዲድ፣ በዚሁ በአዋሽ በኩል አልፈው አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923ቱ የንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ደረሱ። እኛ ከዚህ ወጥተን በሰው አገር በዓል ስንውል ሌሎች ደግሞ ወደዚህ መጥተው በእኛ አገር በዓላቸውን ውለዋል። በሐዲዱ ጣቢያዎች ሁሉ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ፈረንሳዩም ነበር። የእነርሱ የበዓል ቀን ለእኛ ተራ የሥራ ቀን ነበር። ስለ ራሳችን ብቻ እንዳናዝን ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ያው ሰው በዚያው ሐዲድ እንደገና ወጡ። የማይጨው ጦርነት ከጠፋ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነበር፤ ገና ሃምሳው አልወጣም። ባቡሩ በአዋሽ በኩል አልፎ ጅቡቲ ደረሰ፤ ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከሃይፋ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ ለንደን ሆነ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉትን ንግግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከንግግሩ በኋላ ስለ መጣው ነገር ግን ብዙ አይወራም። ከንግግሩ በኋላ የመጣው ተራ ኑሮ ነው፤ ኪራይ፣ ከሰል፣ ብርድና በዓል።

ንጉሡ ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ፌርፊልድ የተባለ ቤት ገዝተው እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ ኖሩ። ገንዘብ አጥሯቸው እንደ ነበር የታወቀ ነው። የቤቱ ለአትክልት የተሠራ የመስታወት ክፍል የጸሎት ቤት ሆኖ ያገለግል ነበር። ይህን ከኢየሩሳሌሙ ጋር አስተያዩት። ለዘመናት የቆየ ገዳም፣ የማኅሌት ሥርዓት፣ የራሱ ቀን ያለው ማኅበረሰብ በአንድ በኩል፤ በሌላ በኩል ለአበባ የተሠራ የመስታወት ክፍል። በስደት የመጀመሪያው ልደት የዋለው ታኅሣሥ 29 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ለእንግሊዝ አገር ያ ቀን ሐሙስ፣ ተራ ሐሙስ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ የካቲት 12 ላይ አዲስ አበባ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በሰው አገር የሚውል በዓል አንዱ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» የምትላቸው ሰዎች ደርሰው እንደ ሆነ አታውቅም።

እቴጌ መነን ከባዝ ብርድ ርቀው በኢየሩሳሌም ብዙ ጊዜ ቆይተዋል። ከመኳንንቱና ከቤተሰቦቻቸውም ብዙዎች የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በኢየሩሳሌም ነው፤ በገዳማቱና በደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ። በእኔ እምነት ይህ የአየር ጠባይ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ኢየሩሳሌም ቀንም ጎረቤትም የሚገኝባት ስደት ነበረች።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ግን ከንጉሡ ጋር ባዝ ቀሩ። በ1925 ዓ.ም. በታተመው «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለዳቸው ፓሪስ ተምሮ የተመለሰን ወጣት ከአገሩ የተዝካር ድግስ ልማድ ጋር ሲጋጭ ያሳዩን እርሳቸው ናቸው። የድግሱን ብዛት የተቹ ሰው ድግስም ዘመድም በሌለበት ከተማ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። ዘመን ከተለወጠ ስምንት ቀን ሆኗል፤ መስቀል ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቷል። እኛ አገር በእነዚህ ሁለት በዓላት መካከል ያለው ጊዜ ሰው የሚጠያየቅበት ነው። እርሳቸው በባዝ ተቀበሩ፤ ዐፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።

ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የዚያ ዓመት ትንሣኤ ገና በአሥራ አምስተኛ ቀኑ ላይ ነበር። በሃምሳው ወጥተው በሃምሳው ገቡ። የባዙን ቤት በኋላ፣ በ1958 እ.ኤ.አ.፣ ለከተማው አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጡት። ለእኔ ይህ የጎረቤት ነገር ነው። ብርድ ያሳለፉበትን ቤት ብርድ ለሚፈሩ ሰዎች ተዉላቸው።

ዒድ በአገር፣ ዒድ በስደት

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ክርስቲያን በዓል ነው። በዚህ ሸለቆ ቆሞ በዚህ ብቻ ማብቃት ግን ታሪኩን ግማሽ ማድረግ ነው።

ቀንን የሚነፍገው የውጭ ከተማ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየን የዒድ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻቸው በመንግሥት እንዲታወቁላቸው ነበር። እስከዚያ ድረስ ከአውሳ ወይም ከወሎ ሄዶ በዋና ከተማችን የተቀጠረ ሙስሊም ዒድን የሚውለው በሥራ ገበታው ላይ ወይም በፈቃድ ነው። በገዛ አገሩ ውስጥ ሆኖ በዓሉን «በሰው አገር» ይውል ነበር ማለት ነው። ከአብዮቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ።

ታሪክ ግን አንዱን እጅ ሰጥታ በሌላው ትነሣለች። የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራሕ ሐንፈሬ በ1967 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ተጋጭተው በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ። ዒድ በኢትዮጵያ የሕዝብ በዓል በሆነበት ሰሞን የአፋር ሱልጣን ዒድን በውጭ አገር ለመዋል ተገደዱ። የተመለሱት በ1983 ዓ.ም. ነው። የሂጅራ አቆጣጠር ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ በእነዚያ 16 ዓመታት ዒድ ከአንዱ ወቅት ወደ ተቃራኒው ወቅት ዞሯል።

ከባዙ ስደት ጋር ስናነጻጽረው አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። በባዝ ቀኑ የተለየ ነበር፤ በሳዑዲ ቀኑ አንድ ነው። ከተማው ሁሉ በዓል ነው፤ መስጊዱ ሁሉ ተክቢራ ነው። ታዲያ የቀን አንድነት ስደትን ያጠፋዋል? አያጠፋውም። ለዚህም ማስረጃዬ ሱልጣኑ ብቻ አይደሉም። ከእርሳቸው በኋላ በዚሁ መንገድ የወጡት፣ ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ የማይጻፈው ናቸው።

ከዚህ አዳራሽ ውጪ ያለው መንገድ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል። በታጁራና በኦቦክ አድርጎ በጀልባ የመን የሚሻገረውን ወጣት ሁላችሁም በመንገዱ ዳር አይታችሁታል። በዘንድሮውም ሆነ ባለፉት ዓመታት ውኃ ያላጠጣው የአፋር ቤት ያለ አይመስለኝም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። ይህ ቁጥር በአንድ የውጭ አገር ምን ያህል በዓል ሲውል እንደ ኖረ ይነግረናል።

በጅዳ በሰው ቤት የምትሠራን አንዲት የኢትዮጵያ ሙስሊም ልጅ አስቡ። ዒድ የእርሷም በዓል ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ የምታበስለው፣ የምታቀርበው፣ የምታጥበው እርሷ ናት። በብዙዎቹ የዓረብ አገሮች የቤት ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ ከአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ ውጭ ሆና ስለኖረች ዕረፍቷ የሚወሰነው በአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ነበር። ለእርሷ ዒድ ከዓመቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ቀን ሊሆን ይችላል። ቀኑ አንድ ነው፤ የቀኑ ባለቤት ግን አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ቀደም ሲል «ከሥራ የሚፈታ ቀን» ያልኩት ለምን እንደ ሆነ ግልጽ ይሆናል። የቀን መቁጠሪያ ቢገጥምም ጊዜህ የራስህ ካልሆነ በዓል የለህም።

በዓልን የሠሩ ሰዎች

አሁን ወደ ሦስተኛው ከተማ እንሂድ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕጓን ካወጣች ወዲህ፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሆነች። እነዚህ ሰዎች ከጅዳዋ ልጅ የሚለዩበት ነገር አለ። ደመወዛቸው አነስተኛም ቢሆን ሥራ መቀየር፣ ቤት መከራየት፣ ማኅበር ማቋቋም ይችሉ ነበር። ቀኑን ከተማው አልሰጣቸውም፤ እነርሱ ግን ለሁለተኛው ነገር፣ ለጎረቤት፣ ሥራ ጀመሩ።

ምን ሠሩ? ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ምግብ ቤቱ ዜና መለዋወጫ ሆነ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አቋቋሙ። ዕድርና ዕቁብ ወሰዱ። መስቀል በሥራ ቀን ሲውል ደመራውን ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ አዛወሩት። ይህን ማዛወር አንዳንድ ሽማግሌዎች እንደ ድፍረት ያዩታል። እኔ ግን በዓሉ ሕያው መሆኑን የማይበት ስፍራ ይህ ነው። ከተማው የሰጣቸውን ቀን ወስደው የራሳቸውን በዓል አስገቡበት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ በዓል መፍጠራቸው ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል። ጊዜው አሜሪካ ነጻነቷን በምታከብርበት በጁላይ 4 ሰሞን ነው። ለምን? ሠራተኛው ዕረፍት የሚያገኘው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ነው። ከየከተማው የመጣው ሰው ግን ኳሱን ብቻ አያይም። የትምህርት ቤት ጓደኛውን ይፈልጋል፤ ልጆቹን ያስተዋውቃል፤ የሞተውን ይሰማል፣ የተወለደውን ይመርቃል። ይህ በየትኛውም ባሕረ ሐሳብ ውስጥ የሌለ በዓል ነው። እኔ የዳጉ ታላቅ ወንድም እለዋለሁ። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ ስትሰይም ያወቀችው እንዲህ ያለውን ለብዙ ዓመት የተከማቸ ሥራ ነው።

ይህን ስል የዋሽንግተንን ኑሮ ማስዋቤ አይደለም። የታክሲ ሾፌሩና የሌሊት ነርሷ ልደትን በሥራ ላይ መዋላቸውን አውቃለሁ። በስልክ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ስልኩን ከዘጉ በኋላ ያለውን ዝምታም አውቀዋለሁ። የምለው እናቴ በጣቢያው መስኮት ያዘነችለት ሰው ከሐዘኑ ጋር ተቀምጦ አለመቅረቱን ነው።

ወደ ሸለቆው መመለስ

ንግግሬን እዚሁ ባለንበት ልቋጨው። አዋሽና ሰመራ በዓልን በሰው አገር ለመዋል የሚኬድባቸው መንገዶች ብቻ አይደሉም፤ በራሳቸውም ለብዙ ሰው «የሰው አገር» ናቸው። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ያን ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር ትንሣኤን በሎግያ የመኪና ማቆሚያ፣ ዒድን በአዋሽ ሻይ ቤት ይውላል። ወታደሩም፣ የቀን ሠራተኛውም እንዲሁ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ እናንተም። ከጎጃም የመጣኸው ልጅ አደይ አበባን እዚህ የምታየው በካርድ ላይ ብቻ ነው። ከዱብቲ ወደ ጎንደር የሄደችው እኅታችሁ ደግሞ ዒድን የምትውለው በዶርም ውስጥ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው። በእኛ ሰፈር የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ የተለያየ ስለሆነ በበዓል ቀን ጎረቤት አይጋበዝም ማለት አልነበረም። እናቴ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዳቦና ቡና ለይታ ታዘጋጅ ነበር፤ ድግሱ ሰፋ ሲል የሚታረደው በግ በሕይወቱ ይሰጣቸውና እነርሱ በሥርዓታቸው አርደው ይበሉ ነበር። ልዩነቱን ማንም አላጠፋውም፤ ልዩነቱን የሚያውቅና የሚያከብር ግብዣ ሠሩ። የለንደኑ ጠባቂ ያን ምሽት ያደረገልኝ ከዚህ የተለየ አልነበረም። የእኔን ቀን ያወቀው እንዲህ ባለ ሰፈር ስላደገ ነው። የእርሱን ቀን ያላወቅሁት ግን እኔ ነበርኩ፤ በዚያው ሸለቆ አድጌ፣ በዚያው ሐዲድ ዳር ተጫውቼ፣ የታሪክ ተማሪ ሆኜ። ይህን ጥፋት እስከ ዛሬ ከራሴ አልፋቅሁትም።

ስለዚህ ለእናንተ የቤት ሥራ አለኝ። በፈተና የሚመጣ አይደለም። ከክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ስቀሉ። በሚቀጥለው በዓል ዋዜማ ከመኝታ ክፍላችሁ አጠገብ ማን እንደ ቀረ ተመልከቱ። በዓሉ የእርሱ እንጂ የእናንተ ካልሆነ ይበልጥ ሂዱ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ በአዲሱ ባቡር ወይም በአውሮፕላን ከዚህ ትወጣላችሁ። ያን ጊዜ ከተማው ቀን ባይሰጣችሁ እንኳ ጎረቤት መሥራትን ከዚህ ተምራችሁ ሂዱ።

እናቴ አሁን በሕይወት የለችም። ከለንደን በተመለስኩበት ዓመት «በዓሉን ማን አዋለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የአሳይታ ሰው» አልኳት። «እንግዲያውስ አገርህ ነው የዋልከው» አለችኝ።